ሐረጉ የት ይቀመጥ? የአንድ ጊታር ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 6፣ ደብረ ብርሃን

ጊታሩ ዛሬ ገባ። ሆዱ ደህና ነው፣ አንገቱም አልተጣመመም። ያረጀው የጣት ሰሌዳው ነው፤ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች የተቀበሩበት፣ ጣት የሚመላለስበት ስሱ እንጨት ማለቴ ነው። ፋብሪካው ለስላሳ እንጨት ጥቁር ቀለም ቀብቶ ነው የሠራው። አሁን ክሮቹ ሥር ቀለሙ ለቆ ነጩ እንጨት ወጥቷል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች መሐል ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ጉድጓድ ተበልቷል። ሰሌዳውን አንሥቼ በአዲስ እተካለሁ። እስከዚህ ድረስ ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል።

ያልተስማማነው ጌጡ ላይ ነው። ባለቤቱ ሠርግ ላይ የሚጫወት ልጅ ነው፣ ጊታሩንም ለጥር ይፈልገዋል። ስልኩን ከፍቶ የሚወዳቸውን ጊታሮች አሳየኝ። አንዱ ከራሱ እስከ ሆዱ ሐረግ የወረደበት ነው፤ ቅጠሎቹ በሙሉ ከሚያብለጨልጭ የባሕር ዛጎል የተሠሩ። ሌላው ላይ ሁለት ርግቦች አሉ። ሌላው ላይ የባለቤቱ ስም በትልቁ ተቀብሯል። «ጋሼ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያድርጉልኝ» አለኝ።

እኔ የምወደው ባዶውን ነው። የስፔን ሠሪዎች በክላሲክ ጊታራቸው የጣት ሰሌዳ ላይ አንድ ነጥብ እንኳ አያስቀምጡም፤ ጌጡን ሁሉ ሰብስበው በድምፅ ቀዳዳው ዙሪያ ያስሩታል። ቀለም ከተነከሩ ቀጫጭን እንጨቶች የተገጣጠመ ቀለበት ነው፤ ጠጋ ብሎ ላየው የጥልፍ ያህል ዝርዝር አለው። እጅ የሚሠራበት ቦታ ግን ጸጥ ያለ ነው። ይህን ለልጁ ነገርኩት። «ባዶ ጊታርማ ሁሉም ሰው አለው» አለ።

ማታ ሳስበው ግን የእሱ ወገን ሰዎች ጠንካራ ምስክር አላቸው። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1933 የመጀመሪያውን ዲ-45 የሠራው ጂን ኦትሪ ለተባለ ዘፋኝ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ በዛጎል ተከቦ፣ ስሙም የጣት ሰሌዳው ላይ ተቀብሮ። እስከ 1942 ድረስ 91 ብቻ ተሠሩ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች አብዝተው ከሚፈልጓቸው ጊታሮች ውስጥ ናቸው። ዲ-28 የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ቅርጹም እንጨቱም ያው ሆኖ በጌጥ የቀለለ ነው። ሁለቱንም የሚወድ አለ። ስለዚህ ጌጥ መሣሪያ ያበላሻል ብዬ ልጁን ማስፈራራት አልችልም። የት ሲቀመጥ እንደሚያበላሽ ግን አውቃለሁ፤ ክርክሩን እዚያ ላይ አደርገዋለሁ።

ኅዳር 9

ዛጎል እዚህ አይገኝም፤ ከሩቅ ማስመጣቱም ለጥር አይደርስም። የበሬ አጥንት ልጠቀም ወሰንኩ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ሥጋ ቤቶቹ ሳይዘጉ ዛሬ ሄጄ ሦስት ቅልጥም አመጣሁ። የሚፈለገው መሐለኛው፣ ግድግዳው ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ነው። ጫፍና ጫፉ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ተቆርጦ ይጣላል። ቀንድም አገኘሁ፤ ከጅሩ የመጣ የሰንጋ ቀንድ፣ ጫፉ ድፍን ጥቁር።

ኅዳር 12

አጥንት ማጽዳት ቀላል ይመስላል እንጂ ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ውስጡ የቀረ ስብ ከተቀበረ በኋላ፣ ከወራት በላይ ቆይቶ፣ እንደ ዘይት ጠብታ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መቅኔውን አውጥቼ፣ በርዝመቱ ሰንጥቄ፣ በአሮጌ ባልዲ ውስጥ በሳሙና ውኃ ቀስ እያለ እንዲፈላ ተውኩት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ወደ 90 ላይ ይፈላል። ቆላ ላይ ከሚፈጀው በላይ ሰዓት ሰጠሁት። በኃይል ማንተክተክ ደግሞ ክልክል ነው፤ አጥንቱ እንደ ኖራ ተሰባሪ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ውኃ ቀየርኩ። በመጨረሻው ላይ ስብ ሳይንሳፈፍ ሲቀር አውጥቼ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው ጠዋት የተሰነጠቀ አጥንት ነው የሚያገኘው።

ባለቤቴ ባልዲው ጾሙ ሳይገባ ከግቢ እንዲወጣ ጠይቃኝ ነበር፤ ወጥቷል።

ኅዳር 18

የድሮውን የጣት ሰሌዳ ዛሬ አነሣሁት። ካውያ አግዬ፣ እርጥብ ጨርቅ አስቀድሜ፣ ከላይ እስከ ታች ሙቀት ሰጠሁት። ኮላው ሲለሰልስ ስስ ቢላዋ ከጫፉ አስገብቼ በየአንድ ጣት እየገፋሁ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። አንገቱ ንጹሕ ወጣ።

አዲሱ ሰሌዳ ወይራ ነው፤ በደብረ ሲና በኩል ካለ ዘመዴ የፈረሰ ቤት ምሰሶ። ዛሬ ለጣት ሰሌዳ ብሎ የቆመ ወይራ የሚቆርጥ ሰው አልደግፍም፤ ወፍ ዋሻ ደንን ያየ ይረዳኛል። ምሰሶው ግን ቤት ተሸክሞ ኖሯል፤ ከዚህ በላይ የደረቀ እንጨት ከየት ይመጣል? ስሰነጥቀው ውስጡ ጥቁር ቡናማ፣ ደም ሥሩ እንደ ጢስ የተጠማዘዘ ሆኖ አገኘሁት። መጋዙ ሲሞቅ ሽታው ወጣ፤ ጋን እየታጠነ ያለበት ቤት መሰለኝ።

ወደ 6 ሚሊ ሜትር አሳስቼ የፍሬቶቹን መስመር አሰመርኩ። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ17.817 ሲያካፍሉት የመጀመሪያው ፍሬት ርቀት ይገኛል፤ 36.5 ገደማ። የቀረውን ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር ማካፈል ነው፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። 12ኛው ፍሬት ልክ 325 ላይ፣ የክሩ እኩሌታ ላይ ካረፈ ሒሳቡ ትክክል ነው። አረፈ።

ኅዳር 25

ልጁ መጣ። ሐረጉ ሆዱም ላይ እንዲወርድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ፤ ምክንያቱንም አስረዳሁት። የሆዱ ፊት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል የሳሳ እንጨት ነው። ክሩ የሚነዝረው እሱን ነው፤ ጊታሩን የሚያናግረው እሱ ነው። ቶሬስ የተባለው ስፔናዊ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑንና ጀርባውን ከወረቀት ካርቶን ሠርቶ፣ ፊቱን ብቻ ከጥሩ እንጨት ያደረገበት ጊታር አለ፤ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ለማሳየት ነው ይባላል። ያንን ፊት ፈልፍሎ አጥንትና ሙጫ መሙላት ከበሮ ላይ መጣፊያ መስፋት ነው።

ልጁ አላመነኝም፤ ሰበብ የፈለግሁ መሰለው። እንደ ዕድል ሆኖ ጎረቤታችን መምሬ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። በገና ይደረድራሉ፤ በወጣትነታቸውም ብራና ዳምጠዋል፣ መጽሐፍ ጽፈዋል። «በገናዬን አይተኸዋል ልጄ?» አሉት። «ምሰሶዎቹና ቀንበሩ ላይ ቅርጽ አለ። ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ላይ ግን ምንም የለም። ቆዳው መናገር አለበታ።»

ሆዱ ቀረ። ስለ አንገቱ ግን አልተፈታም።

ታኅሣሥ 2

ለመምሬ የልጁን የስልክ ሥዕሎች ስነግራቸው «ሐረግ ነው የሚፈልገው?» አሉና ገብተው የራሳቸውን የብራና መጽሐፍ ይዘው ወጡ። ለካ ያ ልጅ እና እኔ ስለ ሐረግ ስንከራከር ሦስተኛው ሐረግ አጠገባችን ነበር። የገጹ ራስ ላይ፣ ቀይና ቢጫ ማሰሪያዎች አንዱ ባንዱ ላይ እየወጡና እየገቡ የተጎነጎኑበት፣ ከጥግ ሁለት ቀንበጦች ወደ ታች የወረዱበት። ከዚያ በታች ጽሑፍ ብቻ። ገጽ ገለጡ፤ ጽሑፍ ብቻ። ብዙ ገጽ ገለጡ። ከዚያ አዲስ ክፍል ሲመጣ ሌላ ሐረግ።

«ሐረግ መጽሐፍ ሲከፈት ነው» አሉ። «ገጹን ሁሉ ሐረግ ካደረግሁት አንባቢው የቱ ጋ ይጀምራል?»

እኔ ለዓመታት ባዶ እወዳለሁ ስል የነበረው ይህንን ማለቴ ነበር፤ ቃሉ ግን አልነበረኝም። ባዶነቱን አይደለም የምወደው። ጌጡ ቦታውን ሲያውቅ ነው የምወደው። ጊታር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ አለ፦ 12ኛው ፍሬት። ክሩ እዚያ ላይ ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እንደገና ይጀምራል። አዲስ ክፍል ይከፈታል። ሐረጉ እዚያ ይቀመጣል፤ ሌላ ቦታ አይቀመጥም።

ማታውን ሣልኩት። በ11ኛውና በ12ኛው ፍሬት መሐል ያለው ቦታ 19 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ወርዱ ደግሞ 54። 12 በ46 የሆነ ጉንጉን አገባሁ። የአጥንቱ መስመር ወርድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ። አንዱ ማሰሪያ በሌላው ሥር ሲያልፍ እንዲታይ፣ ከሥር ያለው ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ትቼ ወይራው እንዲገባበት አደረግሁ። ያ ክፍተት ባይኖር ጉንጉን ሳይሆን መረብ ይመስላል።

ታኅሣሥ 5

አጥንቱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር አሳስቼ፣ ሥዕሉን በኮላ ለጥፌ መቁረጥ ጀመርኩ። መጋዙ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት፣ ምላጩ እንደ ክር የቀጠነው ነው። ሥራውን የሚያስይዘው ጣውላ መሐሉ የተሰነጠቀ ሲሆን መጋዙ በስንጥቁ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የሚዞረው አጥንቱ ነው፤ እጅ ከላይ ወደ ታች ብቻ። ይህን የተገላቢጦሽ ያደረገ ምላጭ ሲሰብር ይውላል። አሥራ አንድ ምላጭ ሰብሬ ሐረጉን በሰባት ቁራጭ ጨረስኩት። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ አጥንቱን ውኃ እያስነካሁ ነው የቆረጥኩት፤ የአጥንትም የዛጎልም ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ታኅሣሥ 8

ልጁ ቁራጮቹን አየ። አነሣ፣ አስቀመጠ። «ቆንጆ ነው ጋሼ» አለ፤ ቀጥሎም እውነቱን ተናገረ። «ግን አያበራም። ማታ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ሰው ይህን ጉንጉን አያየውም። የሚያበራ ነገር ካለ ግን ወደ እኔ ይዞራል። እኔ የምበላው ሰው ሲዞር ነው።»

ይህ የጣዕም ክርክር መስሎኝ ነበር። የሥራ ነገር ነው። እኔ ጊታርን የማየው ጉልበቴ ላይ ተኝቶ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። እሱ የሚያስበው ሃምሳ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ነው። አጥንት ደግሞ በእርግጥ አያበራም፤ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ዛጎል የሚያበራው ቀለም ስላለው አይደለም። እጅግ ስስ ንጣፎች ተደራርበው ብርሃኑን እየከፋፈሉ ስለሚመልሱት ነው፤ ጊታሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይለዋወጣል። ያንን በአጥንት መተካት አይቻልም።

ዛጎል ከየት እናምጣ ስንባባል ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «እናቴ የድሮ ሸሚዟ ቁልፎች አሏት» አለ።

ታኅሣሥ 10

ስምንት ቁልፎች፣ በመሐረብ ተቋጥረው። ሸሚዙ አርጅቶ ሲጣል ነቅላ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ከንፈሬ ላይ አስነካኋቸው፤ ቀዘቀዙ። ፕላስቲክ እንዲህ አይቀዘቅዝም። ጀርባቸው ላይ የዛጎሉ የተፈጥሮ ቅርፊት ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ የጋለ መርፌም አላቀለጣቸውም። እውነተኛ ዛጎል ናቸው። ወርዳቸው 11፣ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር፣ መሐላቸው ሁለት ቀዳዳ።

መጀመሪያ ቀዳዳውን ላስወግድ አሰብኩ። ቀዳዳውን ካስወገድኩት ግን የሚቀረው የምስር ያህል ነው፤ የእናቱ ቁልፍ መሆኑም ይጠፋል። ስለዚህ ዙሪያቸውን ብቻ ወደ 9 አሳንሼ ቀዳዳዎቹን እንዳሉ ተውኳቸው፣ ከጅሩው ቀንድ ጥቁር ጫፍ ቀጫጭን ችንካር አውጥቼም ደፈንኳቸው። አንዱ ሲሞረድ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደረቁን ሞረድኩት። አምስቱን በ3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛውና 15ኛው ቦታ ላይ አሰመርኩ።

ስለ 9ኛው አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ የአውሮፓ ጊታሮች ምልክቱን 10ኛው ላይ ያደርጋሉ። 9ኛውን የለመደ ተጫዋች እንዲህ ያለውን ሲይዝ መድረክ ላይ ይሳሳታል። ጌጥ ከመሆኑ በፊት ምልክት ነው፤ የባለቤቱን ልማድ ሳይጠይቁ አንድ ነጥብ እንኳ መቅበር አይገባም። ልጁ የለመደው 9ኛውን ነው።

ታኅሣሥ 13

ፍልፈላ። እያንዳንዱን ቁራጭ ቦታው ላይ በጠብታ ኮላ አስያዝኩ፣ ዙሪያውን በሹል መርፌ ጫርኩ፣ ቁራጩን አንሥቼ ጭረቱ ውስጥ የጠመኔ ብናኝ አሸሁበት። ወይራው ጥቁር ስለሆነ ነጩ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። መሐሉን በትንሿ የእጅ ማሽን አንድ ሚሊ ሜትር በሆነ ጥርስ፣ ጥጎቹን በስለት። ጥልቀቱ 1.6፤ አጥንቱ 0.4 ያህል ከፍ ብሎ ይቀራል፣ በኋላ ይሞረዳል። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ የሐረጉን ግራ ጥግ በሙሉ በስለት ብቻ ጨረስኩት። ከማሽኑ የተሻለ የጠበቀው ያ ጥግ ነው።

ታኅሣሥ 14 እና 15

ከመለጠፌ በፊት የፍሬቶቹን ስንጥቆች በሰም ደፈንኩ፤ ሙጫ ከገባባቸው ፍሬት አይቀበሉም። ወይራ ቅባት ስላለው ጉድጓዶቹን በአልኮል ጠረግሁ። ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ከወይራው ደቃቅ ሰጋቱራ ጋር ለውሼ ሁሉንም ቀበርኩ፣ በሞርሳ አሰርኩ።

ጠዋት ስነካው እንደ ማር ነው። ሌሊቱን ውርጭ ነበር፤ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነው ያደረው። ኢፖክሲ በብርድ አይጠነክርም፤ ይህን እያወቅሁ ወርክሾፑ ውስጥ መተዌ ትልቅ ስሕተት ነው። ሳልፈታ እንደታሰረ ወደ ማድ ቤት ወሰድኩት፤ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን በእጄ እየለካሁ ጠበቅሁ። ማታ ላይ ጥፍር አላስገባም አለ። ዳነ።

ታኅሣሥ 19

በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው። አጥንቱ ከወይራው ጋር እኩል ሲሆን ሐረጉ ብቅ አለ። ሁለት ቦታ ላይ ክፍተት ነበር፤ በሰጋቱራ ተሞልቷል፤ ሰጋቱራ ሙጫ ሲጠጣ ከእንጨቱ ይጠቁራልና ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ጥላ ይመስላል። አውቄ የተውኩት አይደለም፣ ግን አልጠላሁትም። ቁልፎቹ በዘይት ሲታሹ ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ይሄዳሉ። የቀንዱ ጥቁር ነጥቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከመሐላቸው ያያሉ።

ተጫዋቹ ሲጫወት የሚያየው ፊቱን ሳይሆን የሰሌዳውን ጎን ነው። ስለዚህ ጎኑ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆኑ የአጥንት ነጥቦች ተከልኩ። ከዚህ ሥራ ሁሉ ለልጁ ዓይን የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፤ ማንም አያስተውላቸውም።

ታኅሣሥ 24

የስሙ ነገር። ፊት ለፊት በትልቁ የሚለውን ትቶ በጊታሩ ራስ ጀርባ ላይ በትንሹ እንዲሆን ተስማማ። ጂሚ ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ዘፋኝ የጊታሩ ጀርባ ላይ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል እንደነበረው፣ ዘፈኑን ሲጨርስ ገልብጦ ለሕዝቡ ያሳይ እንደነበር ነገርኩት። ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ጀርባ ለካ መድረክም ይሆናል።

ሦስት ፊደል ነው። የኛ ፊደል ለመጋዝ ከባድ ነው፤ እግሩ ቀጭን፣ ቀለበቱ ጠባብ። የአንዱን ፊደል ቀለበት ሦስት ጊዜ ሰበርኩ። በመጨረሻ ቀለበቱን ድፍን ቆርጬ፣ ከቀበርኩት በኋላ መሐሉን በመሰርሰሪያ ወግቼ በቀንድ ሞላሁት። እንደ ቁልፎቹ ሆነ።

ጥር 2

ሰሌዳው ተለጠፈ፣ ፍሬቶቹ ገቡ፣ ክሩ ተወጠረ። አሁን በጋው ደረቅ ነው፤ ወይራው ጥቂት ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ይቧጭራል። ዛሬ ሞረድኳቸው፤ በየካቲት መጨረሻ እንዲመልሰው ነግሬዋለሁ።

ከእናቱ ጋር መጣ። እሱ በባቲ ቅኝት ተጫወተ፤ እኔ ስለ ድምፁ ጥርጣሬ አልነበረኝም፣ የማየው 12ኛውን ፍሬት ሲያልፍ ጣቱ ሐረጉን ይሰማው እንደሆነ ነው። አልተሰማውም። ገጹ እኩል ነው ማለት ነው። «ራሱ ላይ ርግብ ቢኖር ኖሮ» አለ ሲያበቃ፤ ሐሳቡን አልቀየረም፣ እኔም አልቀየርኩም። መምሬ ደግሞ ቁልፎቹ በዙ ይላሉ፤ ሁለት በቂ ነበር ነው የሚሉት።

እናቱ አንገቱን ይዛ በጣቷ ቆጠረች፤ «አምስት» አለች። ስምንት እንደነበሩ ታውቃለች። አንዱ በእጄ እንደተሰበረ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ የቀሩትን ሁለቱን በዚያው መሐረብ ቋጥሬ መለስኩላት። የተሰበረውንም ጠየቀችኝ፤ ሁለቱን ስንጣሪ ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። አብራ ቋጠረችው።